የድሮ ትዊን ሪቨርብ የጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ኤ ክር ላይ ዝርርር ይላል፤ ስፒከሩ አልቆ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ባለጊታሩ፣ ማክሰኞ ማታ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። ከአጎቴ የወረስኩት ፌንደር ትዊን ሪቨርብ አለኝ። ፊቱ ብርማ የሆነው ነው። ባለ 12 ኢንች ሁለት ስፒከር አለው፣ የቫልቭ ነው (በትራንዚስተር ፈንታ አምፖል መሳይ የመስታወት ቱቦ ያለው)፣ ክብደቱ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። ደረጃ ካለበት ቤት ጋር አይስማማም። አጎቴ እንደሚለው አስመራ ቃኘው ሰፈር ከነበሩ አሜሪካኖች እጅ ነው የተገዛው። ወጣት ሳለ ምሽት ክበብ ይጫወትበት ነበር። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሲመጣ ሥራው ቀዘቀዘና ጓዳ ገባ። አምፑን ማለቴ ነው፤ አጎቴማ አስተማሪ ሆነ።

ችግሩ ይኸው። ዝቅ አድርጌ ስጫወት ድምፁ ማር ነው። ድምፁን 4 ላይ አድርጌ ኤ ክርን ባዶውን ስመታው ግን ዝርርር የሚል ነገር አብሮ ይወጣል። ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ዝንብ ይመስላል። ወፍራሙ ኢ ላይም ትንሽ አለ። ዲ ላይ የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ ንጹሕ ነው።

አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወስጄው ነበር። ሳይከፍተው ጆሮውን ጠጋ አድርጎ «ሁለቱም ሞተዋል፣ በአዲስ እንቀይርልህ፣ አሮጌዎቹን እኔ እወስዳቸዋለሁ» አለኝ። «እኔ እወስዳቸዋለሁ» የምትለዋ ናት ያስጠረጠረችኝ። ተሸክሜ ተመለስኩ። ምን ትላላችሁ?


ጉርድ_ሾላ፣ ማክሰኞ ማታ 3:41

ጥሩ አድርገሃል። የሞተ ነገር ማን ተሻምቶ ይወስዳል?


ሽቦ_በጣሽ፣ ማክሰኞ ማታ 4:05

ኮኑ፣ የስፒከሩ ወረቀት፣ ተቀዶ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ዙሪያውን ሱፐር ግሉ ጠብ ጠብ አድርግበት። ካልሆነ ማስቲሽ ቀባው። እኔ የመኪናዬን ስፒከር እንደዛ ሠርቼው ዓመት ሆነው።


የቫልቭ_ዘመን፣ ረቡዕ ጠዋት 1:15

ልጄ፣ እጅህን ሰብስብ። ኮላው ቀርቶ ለካቻቢቴም ገና ነው።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ልንገርህ። ቫልቮቹ የተሰኩበትን የብረት ሣጥን እንዳትከፍት። ውስጡ ያሉት ኮንደንሰሮች ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ይቀመጣሉ። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ሊመቱህ ይችላሉ። ደግነቱ ለስፒከር ሥራ እሱን መንካት አያስፈልግም። ሁለተኛው፣ ስፒከሮቹን ነቅለህ አምፑን እንዳታበራ። የቫልቭ አምፕ ሸክም ሲያጣ መውጫ ትራንስፎርመሩን ያቃጥላል። ያ ትራንስፎርመር ከሄደ ደግሞ እዚህ አገር ማግኘቱ ሌላ መከራ ነው።

አሁን ወደ ጩኸቱ እንሂድ። ስፒከር ብቻውን አይንቀጠቀጥም፤ ሣጥኑን ሁሉ ይነቀንቃል። ሣጥኑ ውስጥ የላላ ነገር ካለ በራሱ ኖት ላይ ሲደርሱበት ይጮሃል። እኔ ሥራ ስጀምር ሰርግ ቤት ድምፅ የሚያጮኸው ሁሉ ሞንታርቦ ነበር። አሁንም ሰው ማንኛውንም ድምፅ ማጉያ ሞንታርቦ ይላል፤ የጣልያን ፋብሪካ ስም መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። «ስፒከሩ ሞቷል» ተብሎ ከመጣልኝ ውስጥ ብዙው የላላ ብሎን፣ የላላ እጀታ፣ ወይ የተሰነጠቀ ኮምፖርሳቶ ነበር። ስፒከሩ ያለ ጥፋቱ ይሰደባል።

ሌላም የምጠረጥረው አለ። ባዶ ኤ 110 ኸርዝ ነው። የኛ መብራት 50 ስለሆነ፣ ኮንደንሰር ሲደክም የሚያሰማው ጉምጉምታ 100 ነው። ጎረቤታሞች ናቸው። ስለዚህ ጩኸቱ ከኖትህ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው ወይስ ከሥር ቅኝቱ የተበላሸ ሌላ ኖት የሚያጉረመርም ነው? ይህን በጆሮህ ለይ። ሁለተኛው ከሆነ ነገሩ የስፒከር ሳይሆን የኮንደንሰር ነው፤ ያኔ ሥራውን ለሚያውቅ ስጥ። የሚቻልህ ከሆነ ደግሞ የጓደኛ ስፒከር ሣጥን ተውሰህ አምፑን በእሱ አጫውተው። ጩኸቱ ከጠፋ ጥፋተኛው ያንተ ሣጥን ውስጥ ነው። ካልጠፋ አምፑ ውስጥ ነው።

ጀርባው ላይ ስንት ቮልት ይላል?


ባለጊታሩ፣ ረቡዕ ጠዋት 2:02

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጀርባው 117 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። ከአጎቴ ጋር የኖረ ማውረጃ ትራንስፎርመር አብሮት አለ፤ እሱም እንደ አምፑ ይከብዳል። የስፒከር ሣጥን ያለው ጓደኛ ቅዳሜ ነው የሚመቸው። እስከዚያ ምን ልሥራ?


የቫልቭ_ዘመን፣ ረቡዕ ጠዋት 2:30

ቮልቱን ማውረጃው ያስተካክለዋል፣ 60ውን ግን 50 ነው የምትመግበው። የውስጡ ትራንስፎርመር አገሩ ከሚሞቀው በላይ እዚህ ይሞቃል። ለረጅም ሰዓት ስታበራው ጀርባውን በጨርቅ አትሸፍንበት።


ማሚት_ቤዝ፣ ረቡዕ ቀትር 6:50

እኔ ልንገርህ ምን እንደምትሠራ። ስልክህ ላይ የድምፅ ሞገድ የሚያወጣ አፕ ጫን፤ በነጻ ሞልቷል። ከስልኩ ወደ አምፑ መግቢያ ሰካው። ስልኩን ዝቅ፣ አምፑን መካከለኛ አድርግ። ከ60 ኸርዝ ጀምረህ ቀስ እያልክ እስከ 400 ውጣ። ዝርርሩ ጎልቶ የሚወጣበት ቁጥር ላይ ስትደርስ እዚያው አቁመው። ጊታር ኖቱ ይሞትብሃል፤ ይሄ ግን እስክትጠግብ ይጮህልሃል።

ከዚያ በመዳፍህ እያንዳንዱን ነገር ተጫን። የኋላ ሳንቃዎቹን፣ የላይ እጀታውን፣ ፊቱ ላይ ያለውን ስም፣ ሥር የተኛውን የሪቨርብ ሣጥን፣ ማለትም ባለ ሞላውን። ቫልቮቹን የያዙትን መቆንጠጫዎች ግን በእጅህ ሳይሆን በእርሳስ ጫፍ ነካ ነካ አድርጋቸው፤ ያቃጥላሉ። ዋናው ደግሞ በሁለት ጎን ያሉት አምፑን የሚያንጋድዱት የብረት እግሮች ናቸው። የነሱ ሮንዴላ ሲላላ አስቀያሚ ነው። ስትጫነው ዝም ያለው ነገር ያው ሌባው እሱ ነው።

ኧረ ደግሞ ክፍሉንም እይ። እኔ አንዴ ሙሉ ልምምድ የቤዝ አምፔን ስረግም አምሽቼ፣ ለካ የሚንቀጫቀጨው ጥግ የቆመው የድራሙ ስኔር ነበር። እስካሁን ይስቁብኛል።


ሲልቨር_ስፕሪንግ፣ ረቡዕ ማታ 5:10

ከዚህ ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። ወንድሜ፣ እነዚያን ስፒከሮች ለማንም አትስጥ። ጠርዛቸው ላይ የታተመ ቁጥር አለ፣ አንብብልን። በ220 ከጀመረ ጄንሰን ነው። 465 ኦክስፎርድ፣ 137 ሲቲኤስ፣ 67 ኤሚነንስ ነው። ቀጥሎ ያለው ዓመትና ሳምንቱ ነው።

ኮናቸውን ላስቀይር እንዳትልም። ኮንና ኮይል (ኮኑን የሚነዳው ጥቅል ሽቦ) የተቀየረ አሮጌ ስፒከር ብረቱ ብቻ ነው አሮጌ የሚሆነው። ድምፁ የወረቀቱ ነው።


ሽቦ_በጣሽ፣ ረቡዕ ማታ 5:32

ለአንድ ስፒከር ይህን ሁሉ ጣጣ?


ማሚት_ቤዝ፣ ረቡዕ ማታ 5:34

አዎ።


ባለጊታሩ፣ ሐሙስ ማታ 2:45

ሠራሁት። በመጀመሪያ ቁጥሮቹን። አንዱ 465-124፣ ሌላው 465-119። ማሚት እንዳልሺው አደረግኩ። ከ80 ገደማ ጀምሮ ትንሽ ትንሽ አለ፣ ከ105 እስከ 115 ድረስ ያብዳል፣ ከ150 በላይ ጭጭ። ቅኝቱ የተበላሸ አይደለም ጋሼ፣ ከኖቱ ጋር አብሮ ነው የሚሄደው።

የቀኙ እግር ላልቶ ነበር! ስጫነው ጩኸቱ በግማሽ ቀነሰ። ሮንዴላው አልቆ ስለነበር ሁለት አድርጌ አጠበቅኩት። በደስታ ልዘል ስል ግን ሌላ ዝርርር ከሥሩ ወጣ። ይሄኛው ደረቅ ነው፣ ወረቀት በጥፍር እንደመፋቅ። ምንም ብጫን አይጠፋም። ጆሮዬን ሳስጠጋ ከግራው ስፒከር ይመስለኛል። ዓይኔ ግን ምንም አያይም፤ ቀዳዳ የለም፣ ጠርዙ ደህና ነው።


ሲልቨር_ስፕሪንግ፣ ሐሙስ ማታ 4:00

465 ኦክስፎርድ። የመጀመሪያዋ 1 ዓመቷ ነች። 61 ወይ 71 ልትሆን ትችላለች፤ ቁጥሩ ብቻውን አይለይም። ያንተ አምፕ ግን ብርማ ፊት ነው፣ እሱ የመጣው በፈረንጅ 1968 አካባቢ ነው። ስለዚህ 1971። አንዱ 24ኛ ሳምንት፣ ሌላው 19ኛ። መንታ ናቸው ማለት ይቻላል።


የቫልቭ_ዘመን፣ ዓርብ ጠዋት 1:05

ጎበዝ። አሁን ለካቻቢቴ ደረስን።

አምፑን አጥፋ፣ ስፒናውን ንቀል፣ ቫልቮቹ እስኪበርዱ ጠብቅ። የኋላውን ሳንቃ ፍታ። የግራውን ስፒከር ሽቦ ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሳ፤ የትኛው ሽቦ የት እንደነበር ይረሳል። ሁለቱ 8 ኦም ናቸው፣ ጎን ለጎን ታስረው 4 ይሆናሉ። በቴስተር ለካቸው። ደህና የሆነ የ8 ኦም ስፒከር በቴስተር 6 ወይ 7 ነው የሚያነበው፤ 8 አላለም ብለህ አትደንግጥ። ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተቆርጧል።

ከዚያ ኮኑን ፈትሽ። አሥሩንም ጣትህን ዘርጋ፣ መሃል ላይ ባለው ጉልላት ዙሪያ አሳርፍ፣ እኩል አድርገህ በጣም በቀስታ ወደ ውስጥ ግፋና ልቀቅ። ጆሮህን አስጠጋ። ዝም ብሎ ከሄደና ከመጣ ኮይሉ ነጻ ነው። ክርክር የሚል ድምፅ ካለ ኮይሉ ማግኔቱን እየላሰ ነው። ይህ የሚሆነው አምፑ ወድቆ ከሆነ፣ ኮይሉ በሙቀት ከተጣመመ፣ ወይ የብረት ብናኝ ከገባ ነው። አሮጌ ስፒከር ደግሞ ለዓመታት በአንድ አቅጣጫ ተንጠልጥሎ ኮኑ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይዘማል። ያኔ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፈትተህ ግማሽ ዙር አዙረህ መልሰህ ታስረዋለህ፣ ላይኛው ታች ይሆናል። ገንዘብ አያስወጣም።

ብሎኖቹ የኢንች ናቸው፣ የሚሊሜትር ቁልፍህ ዳዶውን ይበላዋል። ስትመልስ በአንዴ አጥብቀህ አትጨርስ። አንዱን ትንሽ፣ ትይዩውን ትንሽ፣ እንደ ጎማ ብሎን። ካለልክ ካጠበቅክ ላሜራው ይጣመምና ደህናውን ስፒከር አንተው ታስለቅሰዋለህ።


ማሚት_ቤዝ፣ ዓርብ ጠዋት 3:20

ጋሼ ያላሉትን እኔ ልጨምር፣ በእኔ ደርሷልና። ማግኔቱ ካቻቢቴውን ይስብሃል። ከእጅህ መንጭቆ ኮኑ ውስጥ ይሰካዋል። ስፒከር ሳይሆን ልቤ ነው የተቀደደው። ከኋላ ስትፈታ ቁራጭ ካርቶን በኮኑና በመሣሪያህ መካከል ያዝ።


ጉርድ_ሾላ፣ ዓርብ ጠዋት 3:31

ፎቶ አንሳልን ስትከፍተው። ሥራ ቦታ ሆኜ ይሄን ውይይት ነው የምከታተለው።


ባለጊታሩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት 9:40

ተቀመጡ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ሁለቱንም ለካሁ፣ 6.4 እና 6.5። ጓደኛዬ የእሱን ሣጥን አምጥቶ ነበር፣ በእሱ ስንሞክረው አምፑ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ግራውን ፈታሁ። ካርቶን ይዤ፣ ማሚት ትባረኪ፣ ሁለት ጊዜ ቁልፉ ወደ ማግኔቱ ሄዷል። ኮኑን እንዳሉኝ ስገፋው ክርክር የለም፣ ዝም ብሎ ይሄዳል ይመጣል። ተስፋ ቆረጥኩ። ከዚያ ገልብጬ በስልኬ መብራት በብረቶቹ መሃል አየሁ።

ቆርኪ!

የቢራ ቆርኪ። ኮኑና የብረት ቅርጫቱ መካከል፣ ማግኔቱ አናት ላይ ተለጥፎ ተቀምጧል። ጥርሱ ወደ ወረቀቱ ዞሯል። ዝቅተኛ ኖት ሲመጣ ኮኑ ወደ ኋላ ብዙ ስለሚሄድ ይነካዋል። ከፍ ያለው ኖት ላይ እንቅስቃሴው ትንሽ ነው፣ አይደርስበትም። ለዚህ ነው ዲ ላይ የማይሰማው!

የአምፑ ጀርባ ግማሹ ክፍት ነው። አንዱ ክፍቱ ላይ ቢራ ሲከፍት ጥሎት፣ ማግኔቱ ስቦት ቀርቷል። በፒንሳ ሳይሆን በእንጨት ቀስ አድርጌ ገፍቼ አወጣሁት። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ግን ቦታው ላይ ኮኑን በልቶታል። የምስር ፍሬ የምታህል ስስ ቦታ አለች፣ ብርሃን ታሳልፋለች፣ መሃሏ ትንሽ ተሰንጥቋል። ምን ላድርግ?


ጉርድ_ሾላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት 9:44

ሃሃሃሃሃ። ሁለት አዲስ ስፒከር ሊሸጥልህ ነበር እኮ ሰውየው!


ሽቦ_በጣሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት 9:58

እሺ፣ ተሸነፍኩ። ቆርኪን በሱፐር ግሉ ማከም አይቻልም።


የቫልቭ_ዘመን፣ ቅዳሜ ከሰዓት 10:25

በዕድሜዬ ሚስማር አግኝቻለሁ፣ ሳንቲም አግኝቻለሁ፣ የሞተ በረሮማ አይቆጠርም። ቆርኪ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ኦክስፎርዱ ማግኔቱ የሸክላ ዓይነት ስለሆነ ወደ ውጪ ብዙ ይስባል። በድሮው በአልኒኮው (የብረት ቅይጥ ማግኔት) ቢሆን ምናልባት ወለል ላይ ወድቆ ይቀር ነበር።

ለቀዳዳው አትጨነቅ። የሻይ ከረጢት አለህ? ቅጠሉን ድፋውና ባዶውን ወረቀት አድርቀው። ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቃጫው ረጅም ነው። በመቀስ ሳይሆን በጣትህ ቅደደው፤ የተቀደደ ጠርዝ ከኮኑ ጋር ይዋሃዳል፣ የተቆረጠ ጠርዝ ግን ይላቀቃል። ከቀዳዳው በጥቂቱ ይብለጥ። ነጩን የእንጨት ኮላ በውኃ አቅጥን፣ እንደ ወተት ይሁን። በብሩሽ ኮኑን በስሱ ቀባ፣ ወረቀቱን አልብስ፣ ከላይ ደግሞ በስሱ ቀባ። አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ። አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ፀጉር ማድረቂያ አታምጣ፤ ቸኩሎ የደረቀ ወረቀት ይጨማደዳል።

ለምን ሱፐር ግሉ አይሆንም ላለው ወንድሜ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ብርጭቆ ነው። ኮን ደግሞ መታጠፍ ሥራው ነው። ከብርጭቆው ጠርዝ ላይ እንደገና ይቀደዳል። ማስቲሹ ደግሞ ይከብዳል፤ ማሟሚያው የፋብሪካውን አሮጌ ማጣበቂያም ሊያለሰልስ ይችላል። የመኪናህ ስፒከር ቢችለው ያንተ ዕድል ነው።

እግረ መንገድህን መሃል ያለውን ጉልላት በጥፍርህ መታ መታ አድርገው። ጠርዙ የተነሣ ከሆነ ያልቀጠነ ኮላ በስቴኪኒ ጫፍ ዙሪያውን አስገባለት። እሱም ራሱን የቻለ ዝርርር ነው። ወደ ኮኑ የሚገቡትን ሁለት ለስላሳ ሽቦዎችም እይ፤ ወረቀቱን የሚገርፉ ከሆነ በጣትህ ትንሽ አጉብጣቸው።

አየር በኮምፕረሰር እንዳትነፋበት። ብናኝ ካለ በተጣጠፈ ፕላስተር እያጣበቅህ አውጣ።


ሲልቨር_ስፕሪንግ፣ ቅዳሜ ማታ 5:15

ስትመልሰው የሽቦውን አቅጣጫ አረጋግጥ። 1.5 ቮልት የሬዲዮ ድንጋይ በቂ ነው። አዎንታዊውን ጫፍ ምልክት ያለበት የስፒከሩ ሽቦ መግቢያ ላይ፣ ሌላውን ሌላው ላይ ለቅጽበት ንካ። የሁለቱም ኮን ወደ አንድ አቅጣጫ መዝለል አለበት። አንዱ ወደ ውጪ ሌላው ወደ ውስጥ ከሄደ ይጣላሉ፤ ቤዙ ይጠፋብሃል፣ «ጠግኜ አበላሸሁት» ትላለህ። ሌሎች ስፒከሮች ጋ ቀይ ምልክቱን አትመን። የድሮ ጄቢኤል ለምሳሌ ከሌላው ተገላቢጦሽ ነው።


ባለጊታሩ፣ ሰኞ ማታ 2:10

ተሠራ!

የሻይ ከረጢቱን ለጠፍኩ፣ አንድ ቀን ተኩል አደረቅሁት። ጉልላቱ በአንድ በኩል ትንሽ ተነሥቶ ነበር፣ በስቴኪኒ ሞላሁት። ኮኑ ባይዘምም ለወደፊቱ ብዬ ግማሽ ዙር አዞርኩት። በድንጋይ ሞከርኩ፣ ሁለቱም ወደ ውጪ። እግሩ ጠበቀ። የኋላ ሳንቃ ላይ የጠፉ ሁለት ብሎኖች ነበሩ፣ ተካሁ።

5 ላይ አድርጌ ባዶ ኤ መታሁ። ምንም የለም። ኖቱ ብቻ። ከዚያ ትዝታ ቅኝት ውስጥ ገብቼ እዛው ቀረሁ፣ ጎረቤት በር እስክታንኳኳ ድረስ። ለአጎቴ ደውዬ በስልክ አሰማሁት። ዝም አለና «ቀድሞም እንደዛ ነበር» አለኝ። ስለ ቆርኪው ስነግረው ማን እንደጣለው አውቃለሁ አለ። ስሙን ግን አልነግራችሁም፣ ሰውየው አሁን ሽማግሌ ነው፣ የልጅ ልጆች አሉት።

ወጪ፦ ሁለት ሮንዴላ፣ ሁለት ብሎን፣ አንድ ሻይ። ሻዩንም ጠጥቼዋለሁ።


ማሚት_ቤዝ፣ ሰኞ ማታ 2:31

ደስ ሲል! ቤዝ ግን እንዳትሰካበት። ጀርባው ክፍት ነው፣ ኮኑን የሚይዝለት አየር የለም። ለለመነህ ሁሉ እምቢ በል። ለእኔም ጭምር።


የቫልቭ_ዘመን፣ ማክሰኞ ጠዋት 1:00

እንኳን ደስ ያለህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቆርኪውን ገልብጠህ ውስጡን እየው። ድሮ በኛ ጊዜ ውስጡ ቡሽ ነበር፣ በኋላ ነው ፕላስቲክ የሆነው።


ባለጊታሩ፣ ማክሰኞ ጠዋት 1:50

ጋሼ፣ ፕላስቲክ ነው።


የቫልቭ_ዘመን፣ ማክሰኞ ጠዋት 1:58

እንግዲያው እኔ አይደለሁም።